በሰዓት 7 ማይል

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከዚህ ዓምድ ስጠፋ «ደህና ናት?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ አንባቢዎቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። ጀልባ ላይ ነበርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 28 ዓመት ታክሲ ነድቷል። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ነኝ። እሱ ሲገባ እኔ እየወጣሁ፣ ልጆቻችንን በር ላይ እየተቀባበልን አሳደግናቸው። አብዛኛውን የቤታችንን ጉዳይ የተነጋገርነው ማቀዝቀዣው ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነው። «ወተት አልቋል»፣ «የኪራዩ ቼክ መሳቢያ ውስጥ ነው»፣ «ትንሿን አተኩሷታል»። ውጭ አገር የምትኖሩ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ አምና ታክሲውን ሲያቆም፣ አዲስ አበባ ለጀመርነው ቤት ጣሪያ ይሆናል ብለን ካስቀመጥነው ገንዘብ አንስቶ 34 ጫማ ርዝመት ያላት አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዛ። ሳያማክረኝ! ሦስት ሳምንት አላናገርኩትም። ማቀዝቀዣውም ላይ ምንም አልለጠፍኩም።

የገረመኝ ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ በወጣትነቱ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ ምጽዋ የሠለጠነ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 መርከቦቹ ከአሰብ ወደ የመን ሲሻገሩ አብሮ ከተሻገሩት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባህር ጋር ተጣልቷል። ልጆቹን ኦሽን ሲቲ ስንወስድ እኛ አሸዋው ላይ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጀልባ ገዛ ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ?

በመጨረሻ የሸመገለችን ትልቋ ልጃችን ናት። «አንድ ጊዜ አብራችሁ ሂዱ። ስትመለሱ እማዬ ትሸጥ ካለች አባዬ ይሸጣታል» አለች። ተስማማን። እኔ በልቤ የሸጥኳት ያኔውኑ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው የደህንነት ትምህርት መውሰድ አለበት። ዋና የማልችለው እኔም ተምሬ ፈተናውን አለፍኩ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና በጥቅምት መጀመሪያ ከኖርፎክ ተነሳን።

የሄድንበት መንገድ ኢንትራኮስታል ዎተርዌይ ይባላል። ባህር ነው ሲሏችሁ ባህር አይደለም፤ ወንዝም ብቻ አይደለም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በስተጀርባ ያሉትን ወንዞች፣ ሰላጤዎችና ሰው የቆፈራቸውን ቦዮች አያይዞ ከኖርፎክ እስከ ማያሚ ከ1,000 ማይል በላይ የሚዘልቅ የውሃ መንገድ ነው። የማይል ቆጠራው ዜሮ የሚለው ኖርፎክ ላይ ነው። በመከር የሰሜን ጀልባዎች ብርዱን ሸሽተው እንደ ወፍ በዚሁ ወደ ደቡብ ይተማሉ። እኛ ያሰብነው እስከ ቦፈርት፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ 204 ማይል ብቻ ነው። በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። በእኛ ጀልባ፣ በሰዓት 7 ማይል፣ ማታ ማታ እየቆምን፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን።

የእኔ ሥራ በመነጽር ምልክት መፈለግ ነበር። ወደ ደቡብ ሲኬድ ቀዩ ምልክት በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ መዋል አለበት። ከመስመሩ ከወጣችሁ ውሃው ሰፊ መስሎ ጥልቀቱ ጉልበት ነው። «ቀይ 4!» እላለሁ፤ «ቀይ 4» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ንግግራችን በሙሉ ይኸው ነበር። ከማቀዝቀዣው ወረቀት ብዙም አልራቀም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ተጣላን።

ከኖርፎክ ወደ ደቡብ ከሚወስዱት ሁለት መንገዶች አንዱ የዲስማል ስዋምፕ ቦይ ነው። ረግረጉን እየሰነጠቀ የሚያልፍ፣ ቀጥ ያለ፣ 22 ማይል ርዝመት ያለው ቦይ። በፈረንጆቹ 1793 ቁፋሮው ተጀምሮ በ1805 ጀልባ ማሳለፍ ጀመረ። የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። በዚያው ረግረግ ውስጥ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተሸሽገው ትውልድ እስኪተካ ኖረውበታል። ውሃው የዛፍ ሥርና ቅጠል ስለሚዘፈዘፍበት ያለ ወተት እንደ ቀረበ ሻይ ነው።

ወደ ቦዩ ለመግባት ዲፕ ክሪክ በሚባለው ቦታ ጀልባውን በሁለት በር መሃል ያስገቡና ውሃ ይሞሉበታል፤ ጀልባው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። በሩ የሚከፈተው በቀን አራት ጊዜ ብቻ ነው። ጀልባው ሲወጣ ገመዱን አጥብቆ ማሰር አይቻልም፤ በግንቡ ምሰሶ አዙሮ ጫፉን በእጅ ይዞ፣ በረገበ ቁጥር መሳብ ነው። እሱ የፊቱን፣ እኔ የኋላውን ያዝን። ውሃው ሲገባ ገመዱ ሙልጭ ብሎ ከእጄ ወጣ። የጀልባዋ ጭራ ወደ ማዶው ግንብ መዞር ጀመረ።

«ማን ልቀቂ አለሽ!»

እናንተዬ፣ ይህ ሰው በትዳራችን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የበሩ ጠባቂ እንኳ ዞር ብሎ አየን። ጀልባዋ ግንቡን ነካ አድርጋ ተመለሰች፤ ከቀለም መፋቅ በቀር አንድም ነገር አልሆነችም። እሱ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አኮረፍኩ። በዚያ ቦይ በዝግታ ስትሄዱ ማኩረፍ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ መውጫ የለውም። ፈረቃ የለ፣ ሌላ ክፍል የለ። 22 ማይል ሙሉ ሁለት የተኮራረፉ ሰዎች፣ በግራም ዛፍ በቀኝም ዛፍ።

ኤልዛቤት ሲቲ ስንደርስ በነጻ 48 ሰዓት የሚቆሙበት ወደብ አገኘን። ለጀልባ እንግዶች ጽጌረዳ የመስጠት ልማድ ያላት ከተማ ናት፤ ከ40 ዓመት በፊት የተጀመረ ነው ይባላል። እዚያ ነው በጋዝ ምድጃችን ላይ ቡና የቆላሁት፣ ዕጣንም ያጨስኩት። አጠገባችን የቆመው ሰውዬ የእሳት ማጥፊያ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥቶ ሄደ። እኛም ከዚያ በኋላ ትንሽ ሳቅን።

ቀጥሎ ያለው የአልበማርል ሰላጤ ግን አያስቅም። ጥልቀት ስለሌለው ንፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቁም ይሆናል። መሃል ላይ ስንደርስ ሲኒዎቼ ከመደርደሪያው ወረዱ። እኔ ወንበሩን ይዤ ውዳሴ ማርያም እላለሁ። እሱ መሪውን ይዞ ቆሟል። ቀና ብዬ ሳየው የማላውቀው ሰው መሰለኝ። አልፈራም። አልቸኮለም። ሞገዱን በጀልባዋ ፊት ሰያፍ እየተቀበለ፣ «አሁን አንድ ትልቅ ይመጣል፣ ከዚያ ያልፋል» ይለኛል። ይመጣል፤ ያልፋል። ይህን ሰው 30 ዓመት ሙሉ ታክሲ ውስጥ አስቀምጠነዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ሌሊት አሊጌተር ሪቨር በሚባለው ወንዝ ውስጥ መልህቅ ጣልን። ስሙ ቀልድ አይደለም፣ አዞ አለው። በዙሪያችን አንድ መብራት የለም። ሽሮ ሠራሁ፣ በላን። ሳህኑን ሳጥብ ከበስተኋላዬ፣ «ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ።

የጠዋቱን የሚያወራ መስሎኝ ነበር። የአሰቡን ነው። ወደቡ ላይ ገና እየሮጡ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። «ልቀቅ» ተባለ፣ ለቀቀ። መርከቡ ከግንቡ እንደተላቀቀ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ደረሰች። «ምንም አላለችም» አለኝ። «አየችኝ ብቻ።»

ነርስ ነኝ፤ ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ማዳመጥ ሥራዬ ነው። ለስንቱ በሽተኛ አድርጌዋለሁ። ለባሌ ግን አድርጌው አላውቅም፤ ሰዓቱም አልነበረን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አወራ። መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅሁት።

«ታዲያ ለምን ገዛሃት?»

«በፖቶማክ ድልድይ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ውሃውን ላለማየት ፊቴን አዞር ነበር። በቀን ስንት ጊዜ እንደማልፍ ታውቂያለሽ። ማዞሩ ደከመኝ።» ትንሽ ቆየና፣ «ላማክርሽ ይገባ ነበር» አለ። ይህችን ቃል ስጠብቅ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማሳጠር፣ ቦይ አለፍን፣ ፓምሊኮን አቋረጥን፣ አንድ ቀን ዝናብ አሳደረን፣ አንድ ቀን ጭቃ ላይ ተቀምጠን ውሃው ከፍ እስኪል ጠበቅን። በሰዓት ሁለት ጋሎን ያህል ናፍጣ ነው የምትበላው፤ ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። ገመዱን አሁን እኔ ነኝ የምይዘው፤ በጓንት። ቦፈርት ስንገባ ከወደቡ ማዶ ባለችው ደሴት ላይ የዱር ፈረሶች ሲግጡ አየን። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

ወደቡ ቢሮ ስንገባ ልጅቷ ስንት ቀን እንደምንቆይ ጠየቀችን። እሱ ወደ እኔ ዞረ። ስምምነታችንን አልረሳም።

«እስከ ሚያዝያ» አልኳት። የክረምቱን ኪራይ በእኔ ካርድ ከፈልኩ።

ጣሪያውን ግን አልተውኩም! በራሴ ቅድመ ሁኔታ ነው የተስማማሁት። ጣሪያው እስኪያልቅ ድረስ ዓርብና ቅዳሜ ወደ ታክሲው ይመለሳል። ትናንት ጀምሯል። እዚያ ያላችሁ፣ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ አሁን ስንት እንደገባ የምታውቁ ጻፉልኝ፤ ወንድሜ የሚነግረኝ ዋጋ በየሳምንቱ ይለያያል።