የዱር አራዊትን መመገብና መጠበቅ ለየቅል ናቸው

የተራበ እንስሳ አይቶ ማዘን የደግ ሰው ባሕርይ ነው። ይሁን እንጂ የዱር አራዊትን መመገብና የዱር አራዊትን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሕዝባችን በውል ሊገነዘበው ይገባል።

ለዚህ አባባላችን በሰሜን አሜሪካ የታየው ሁኔታ በቂ ማስረጃ ነው። በዋዮሚንግ ግዛት ጃክሰን ሆል በተባለው ሸለቆ፣ ኤልክ የተሰኘው ግዙፍ የአጋዘን ዘር የበረዶውን ወራት ያሳልፍበት የነበረው ሜዳ በከብት አርቢዎች ይዞታ ሥር ዋለ። ግጦሹን የተነጠቀው መንጋ በረሀብ ማለቅና የአርቢዎቹን ድርቆሽ መሻማት በመጀመሩ፣ ድርቆሽ እየተገዛ ይቀርብለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1912 ብሔራዊ መጠለያ ተቋቋመለት። መንጋው ከእልቂት ቢተርፍም፣ በየጫካው ተበታትኖ ይግጥ የነበረው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተጨናንቆ መብላትን ለመደ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት ለምርምር በተያዙ አጋዘኖች ላይ አንጎልን የሚያበላሽና እንስሳውን አመንምኖ የሚገድል በሽታ ታየ። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። በምራቅ፣ በሽንትና በፋንድያ ይተላለፋል፤ ጠንቁም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2020 በጃክሰን ሆል አካባቢ በአንዲት ኤልክ ላይ ተገኝቷል። መንጋን አፍ ለአፍ የሚያገናኝ የመኖ ስፍራ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ምን ያህል እንደሚመች ማስረዳት አያሻም።

በግል መሬታቸው ላይ በቆሎ የሚያፈሱለትም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይጠቅሙትም። በበረዶው ወራት ጭራሮና ቅርፊት ሲፈጭ የከረመ ጨጓራ በድንገት እህል ሲሞላበት ይመረዛል። እንስሳው ጠግቦ ሳለ ይሞታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተካሄደበት ወቅት በባሌ ተራሮች ብዙ አጋዘን የረገፈው መኖ የሚያቀርብለት ጠፍቶ አልነበረም፤ ከጥይት የሚጠብቀው አጥቶ ነው።

ስለሆነም ለዝንጀሮ ዳቦና ሙዝ የሚወረውረው መንገደኛ፣ የምግብ ትራፊ ሜዳ ላይ የሚደፋው የጦር ሰፈር ወጥ ቤት፣ ቆሻሻውን ከከተማ ዳር የሚጥለው ነዋሪ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ሰውን መፍራት የተወ ዝንጀሮ ነገ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፤ አለዚያም በመንገድ ላይ በመኪና ተድጦ ይቀራል። «ያጎረሰ እጁን ተነከሰ» የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከሁላችንም የሚፈለገው ቀላል ነው። ትራፊው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ደኑ አይመንጠር፤ ምንጩም አይታጠር። መሣሪያ የያዘ ሁሉ በአውሬ ላይ ከመተኮስ ይታቀብ። ግጦሹና ውሃው ከተጠበቀለት የዱር እንስሳ ራሱን መመገብ ያውቅበታል።