መኪናው ርስት ነው ወይስ ጭሰኝነት?

የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ የደጀንን ዳገት ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገሠግሥ ባለመኪና እስከ ዛሬ የሚያሳስበው ጎማውና ፍሬኑ ነበር። አሁን ግን በመሪው አጠገብ የተተከለችው ስክሪን የራሷን ደመወዝ የምትጠይቅበት ዘመን እየመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ የመኪና ቴፕ አንድ ጊዜ ከተገዛ ካሴት ወይም ፍላሽ መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር። ኋላም አፕል ካርፕሌይ በ2014፣ አንድሮይድ አውቶ በ2015 እ.ኤ.አ. መጡና ባለመኪናው ስልኩን ሲያገናኝ ካርታው፣ ዘፈኑና ጥሪው በስክሪኑ ላይ ይታይለት ጀመር። ሥራውን የሚሠራው ስልኩ ሲሆን፣ የሚከፍለውም ለራሱ የስልክ ጥቅል ነው። ይህን በር የሚዘጉ ፋብሪካዎች ግን ተነሥተዋል። ጄኔራል ሞተርስ ወደፊት በሚሠራቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሁለቱን እንደማያስገባ በ2023 አስታወቀ። ቢ.ኤም.ደብልዩም በ2022 በአንዳንድ አገሮች የመቀመጫ ማሞቂያን በወር ክፍያ አቀረበ፤ በደቡብ ኮርያ ዋጋው 18 ዶላር ያህል ነበር። ማሞቂያው እኮ አስቀድሞ ከመቀመጫው ውስጥ ተገጥሟል! ለጮቄ ማለዳ ብርድ ማሞቂያውን ባልጠላነው፤ የጠላነው ቁልፉን ሌላ ሰው መያዙን ነው። ገዢው ስላጉረመረመ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት አሳቡን ትቶታል።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው የተነሣው ገንዘቡ ከብዶት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ሲለካ ርስቱ ሊሄድበት እንደሆነ ስለ ሠጋ ጭምር ነው። አዲስ ክፍያ ባለርስቱን ጭሰኛ ሊያደርገው እንደሚችል ፈርቶ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለን አይጠፋም። ነገር ግን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል፤ ብዙውም ከቻይና የመጣ ነው። አንዳንዱ ስክሪኑ የሚጽፈው በቻይንኛ ስለሆነ ባለቤቱ በገዛ መኪናው ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋም። በዚያን ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ካርታ ለማን ይረባ ነበር? አስቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ካርታ ግን ያለ ኔትወርክም መንገድ ያሳያል።

ክፍያ ሁሉ ግፍ ነው አንልም። በየዕለቱ አዲስ ዘፈን የሚያቀርብ ድርጅት የድካሙን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የተሸጠን ዕቃ ቆልፎ መልሶ ማከራየት ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኮሚቴ የምትቀመጡ ወጣቶች፣ የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ ከሞተሩ ጉልበት ቀጥሎ ይህንንም ጠይቁ፦ ስልክ ያገናኛል ወይ? ኔትወርክ ሲጠፋ ምኑ ይሠራል? ነጻው ጊዜ ሲያልቅ ምኑ ይዘጋል? የወር ክፍያው በዶላር ከሆነስ ምንዛሪውን ማን ያመጣል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ሻጩ መልሱን በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ገንዘቡ ከካዝና አይውጣ።