ገናን የገደልነው እኛ አባቶች ነን

ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አንተ ሰውዬ፣ ፈተና ደርሶ ልጆቹን ዱላ አሲዘህ ሜዳ ለሜዳ ታሯሩጣለህ አሉ?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ።

ዱላ ያለው ገናን ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የገና ጨዋታ ፍቅር ያለብኝ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ታኅሣሥ ላይ ሰብሉ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ሲቀር፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ መንደሩ ለሁለት ይከፈላል። ሩር የሚሉት አሉ፣ ጥንግ የሚሉት አሉ፤ ብቻ እሷን ተከትሎ ሽማግሌው ከጎረምሳው ጋር ይሮጣል። በገና ዕለት ጌታ አይቆጣም ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እውነት ነበር። አባቴን በአዘቦት ቀን ቀና ብዬ አላየውም። የዚያን ዕለት ግን ሩሯን ስቼ ቁርጭምጭሚቱን መታሁት፤ እያነከሰ ሳቀ። ከአባቴ ብዙ ሀብት አልወረስኩም። ያን ሳቅ ግን ወርሻለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ።

አንደኛ፣ "ኋላ ቀር ጨዋታ ነው" ይላሉ። አየርላንዶች ሀርሊንግ የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አላቸው፤ ከእኛው ገና ጋር የአክስት ልጅ ነው ብትሉ ያስኬዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ማይክል ኩሳክ የሚባል ሰው ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመለት። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? መምህር ነበር! ዛሬ ፍጻሜው ደብሊን ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ይካሄዳል፤ ተጫዋቾቹም ደመወዝ አይከፈላቸውም። በ2018 ዩኔስኮ መዝግቦላቸዋል። ጃፓን ውስጥ ቤዝቦልን ያስጀመረውም በ1872 ቶኪዮ ያስተምር የነበረ ሆራስ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነው። እንግዲህ ተማሪ ዱላ አስይዞ ሜዳ የወጣ መምህር እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም።

ሁለተኛ፣ "አደገኛ ነው" ይላሉ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። የእግሬ ጠባሳ ምስክር ነው። ነገር ግን በ1920 አሜሪካ ውስጥ ሬይ ቻፕማን የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ራሱን በኳስ ተመትቶ ሞተ። ጨዋታውን ጥለውት ሄዱ? አልሄዱም፤ ውሎ አድሮም ቢሆን የራስ መከላከያ አስገዳጅ አደረጉ። አየርላንዶችም ከ2010 ጀምሮ ያለ ራስ መከላከያ ማንም ሀርሊንግ እንዳይጫወት ደንግገዋል። እኔም ልጆቹን የማጫውተው ከጨርቅ በተሠራ ኳስ ነው፤ ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሳ ይወጣል። አደጋ ያለበትን ነገር ሕግ ያበጁለታል እንጂ አይቀብሩትም።

ደግሞ ስለ አደጋ ካወራን እንተዛዘብ። ልጆቻችን በእነዚህ ዓመታት ዱላ ሲያዩ የሚታያቸው ጠብ ብቻ ሆኗል። አንድ ወጣት ዱላ ይዞ፣ ተናድዶ፣ ተሸንፎ፣ ከዚያ ካሸነፈው ልጅ ጋር ተቃቅፎ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሌላ ትምህርት ካላችሁ አሳዩኝ፤ እሱን አስተምራለሁ።

ሦስተኛ፣ "ፈተና አለባቸው" ይላሉ። ፈተናማ አለባቸው። ግን እነዚሁ ልጆች ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውሉ ሁላችንም እናውቃለን፦ ወይ ስልክ ላይ፣ ወይ የኳስ ቁማር ቤት። ያኔ ማናችንም ፈተና አላልንም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ሲሮጡ ነው ፈተናው ትዝ ያለን?

አሁን ራሴን ልክሰስ። የባልደረባዬን ሳቅ ያከበደብኝ ሌላ ነገር ነው። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። የአርሰናልን አሰላለፍ ከበረኛ እስከ አጥቂ ይጠራላችኋል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አባቴ ከወይራ ቆርጦ፣ ጫፉን እሳት ላይ ለብልቦ አጉብጦ የሰጠኝ ገና ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። ባለፈው ልጄ አንጋጦ አየውና "አባዬ፣ ይሄ ከዘራ የማን ነው?" አለኝ።

ከዘራ!

ልጁ ምን አጠፋ? ፕሪሚየር ሊግስ ምን አጠፋ? ስምንት ታኅሣሥ አልፏል፤ አንድም ቀን አውርጄ አላሳየሁትም። "ባህላችን ጠፋ" እያልኩ እዚሁ ገጽ ላይ ስንቴ ጽፌአለሁ፤ ራስጌዬ ላይ ያለውን ግን ለልጄ አልነገርኩትም። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ ይህን የምታነቡ አባቶችም ታውቁታላችሁ።

የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ይዞ ውድድር ያካሂዳል፤ እሰየው። ነገር ግን ጨዋታ በተመረጡ ተጫዋቾችና በባህል ቀን ትርኢት ብቻ አይኖርም። ጨዋታ የሚኖረው አባት ለልጁ ሲጠርብለት ነው።

እና ደግሞ ሲጻፍ ነው። ማንኩሳን ረግጧት የማያውቅ ስንት ሰው ማንኩሳን ያውቃታል? ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ስለጻፏት ነዋ! "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ይኸው እስከዛሬ የበዛብህ አገር እየተባልን እንኖራለን። አሜሪካኖች ከ100 ዓመት በፊት የተደረገ የቤዝቦል ግጥሚያ ማን ስንት እንዳገባ ከመዝገብ ያወጡላችኋል። የእኛን ሜዳ ግን፣ ላይ ቤት ታች ቤትን ያሸነፈበትን ዓመት፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

ስለዚህ ደብተር ይዤ ጀምሬአለሁ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ዳር ያሉ አባቶችን እየጠየቅኩ እጽፋለሁ፦ ሩሩ ከምን ይሠራ ነበር፣ በአንድ ወገን ስንት ሰው ይገባ ነበር፣ የት ድረስ ሲነዳ ነው አሸነፈ የሚባለው። ሁለት ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ የሁለቱንም እጽፋለሁ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን አባትና እናት የሆናችሁ፤ ከእናንተ ገንዘብ አልለምንም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና ገናን እንዴት ይጫወቱ እንደነበር ጠይቁልኝ። የነገሯችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የመንደሩን ስም አትርሱ።

ባልደረባዬም ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ነን። ልጄ ይመጣል፤ አንተም ልጅህን ይዘህ ና። ዱላውን እኔ አመጣለሁ።