ኤሊዋን ወተት አትጋቷት

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአዘዞ ደውሎ «ቲቸር፣ የልጄ ትንሽዬ ኤሊ መብላት አቆመች፤ ወተት እየጋትናት ነው» አለኝ። ኧረ በፈጠራችሁ! ኤሊ ጡት ጠብታ አታድግም፤ ወተት ሆዷን ያውከዋል፣ ሲጋቷትም ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ነው። ኤሊ እንደኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ካልሞቃት የበላችው አይፈጭላትም። በዚህ ክረምት ሲሚንቶ ላይ በካርቶን ተቀምጣ ምን ትብላ? መጀመሪያ ትሙቅ። ሳፋ ውስጥ ከአገጯ የማያልፍ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና ጥቂት አቆዩአት፣ ትጠጣለች። ፀሐይ ሲወጣ ደጅ አውጧት፣ ጥላ ግን አይጥፋ፤ በመስታወት የገባ ፀሐይ ለቅርፊቷ አይበቃም። ምግቧ ሣርና ቅጠል ነው። አፍንጫዋ ከዘለገለገ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም!

«ለኤሊ ደሞ ሐኪም?» የምትሉ አላችሁ። ለበግ ትወስዱ የለ እንዴ?