አያምም ያላችሁ ማነው?

አንድ ነገር ከጅምሩ እንተማመን፤ ያማል። «ኤፒሌተር» የሚባለው የፀጉር መንቀያ ማሽን ያማል። ፀጉርን ከነሥሩ መንጭቆ የሚያወጣ ነገር እንዴት አያም? ታዲያ በየቴሌግራም ሱቁ «ያለ ምንም ህመም! ለዘለቄታው! ለሁሉም ዓይነት ቆዳ!» እየተባለ ሲቸበቸብ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተን። ሦስት ቃለ አጋኖ፣ ሦስት ውሸት።

«አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ እናንተ ስለ ባት ፀጉር?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወገን፣ አገር ማለት እኮ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ፣ ፎጣ ነክሳ፣ ማንም ያልነገራትን ነገር ለብቻዋ የምትችለዋ ልጅም ናት። ስለ ፖለቲካው ሺህ ሰው ይጽፋል። ስለ ቆዳዋ የሚያወራት ግን ሻጩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዕቃውን ሊያራግፍ ነው።

ወደ ሻጩ ከመሄዳችን በፊት ከወዲያና ከወዲህ የሚጮሁትን እንሸኝ። አንደኛው ወገን ነገሩን ሁሉ «የፈረንጅ አመጣሽ» ብሎ ይዘጋዋል። ይሄ ስንፍና ነው። በእስልምና የብብትና የሐፍረት ፀጉርን ማስወገድ ከንጽሕና ሥርዓቶች የሚቆጠር ነው፤ ምላጭ ፋብሪካ የሚባል ነገር ሳይታሰብም ነበረ። በዓረቡ ዓለም ሴቶች ስኳር በሎሚ አንጥረው ፀጉር ሲነቅሉ ኖረዋል። ፈረንጅ ያመጣው መንቀሉን ሳይሆን እፍረቱን በፋብሪካ ማምረቱን ነው። ጂሌት ለሴቶች ብሎ የሠራውን ምላጭ እ.ኤ.አ. በ1915 ገበያ ላይ ሲያውል፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን እየሆነ ነበር። ያኔ ነው የብብት ፀጉር በማስታወቂያ ቋንቋ «ችግር» ተብሎ የተሰየመው። መጀመሪያ ችግሩን ሸጡ፣ ቀጥሎ መፍትሔውን።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በሴት እግር የሚቀልደው ነው። ወንድሜ፣ አንተ ፀጉር ቤት ሄደህ ጺምህን ከተላጨህ በኋላ አንገትህ ላይ ሽፍታ ይወጣብሃል። እሱ ሽፍታና እሷ ቅልጥም ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ወንድምና እህት ናቸው። ባንተ የሳቀ የለም።

የእኛ አቋም አጭር ነው። ልትነቅለው ትችላለች፣ ልትላጨው ትችላለች፣ ልትተወውም ትችላለች። ፀጉሩ የራሷ ነው። ማሽኑንም አንጠላውም፤ በቤት ውስጥ፣ በራስ እጅ፣ ማንም ሳያይ መሥራት መቻል ቀላል ነፃነት አይደለም። የምንጠላው ውሸቱን ነው።

ማሽኑ ምንድነው? እሾህ የምናወጣበትን ወረንጦ ታውቁታላችሁ። ኤፒሌተር ማለት በሞተር የሚሽከረከር የወረንጦ መንጋ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አስማት የለውም። የመጀመሪያው «ኤፒሌዲ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በሰሜን እስራኤል ሃጎሽሪም ከሚባል ኪቡትዝ ነው የወጣው። ውስጡ የነበረው ቀስት ሆኖ የሚሽከረከር ስፕሪንግ ነበር፤ በአንድ ጎኑ ሲከፈት ፀጉር ያስገባል፣ በሌላው ሲገጥም ቆንጥጦ ይነቅላል። ሬሚንግተን የሚባለው ኩባንያ በስፕሪንጉ ፈንታ የተሰነጣጠቀ የጎማ ዘንግ አድርጎ የራሱን ማሽን ሲያወጣ በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ተካሰሱ። «ጎማው ስፕሪንግ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ተከራከሩ። እንግሊዝ መብት አልተነካም አለች፤ ጀርመን ተነክቷል አለች። የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያጠኑታል። ክርክሩ በሙሉ የሽያጩ መብት የማን ነው የሚል ነበር። የማን ቆዳ ነው የሚቆነጠጠው የሚለው የክሱ ጭብጥ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ውሸቶች።

«አያምም»። ያማል ብለናል። የመጀመሪያው ቀን ይብሳል፤ ያ ሁሉ ፀጉር በአንድ ጊዜ ነውና የሚነቀለው። እየተደጋገመ ሲሄድ በአንድ ጊዜ የሚነቀለው ስለሚያንስ ይቀላል። ባት ይቻላል፤ ቁርጭምጭሚትና ብብት ላይ ግን እናትን ያስጠራል። ይህን ቀድሞ የተነገራት ሴት ተዘጋጅታ ትገባለች። «አያምም» የተባለች ግን ችግሩ የእሷ ይመስላታል፣ «እኔ ነኝ ቅምጥል» ትላለች። የውሸቱ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

«ለዘለቄታው»። ፀጉሩ ተነቀለ እንጂ ፀጉር የሚያበቅለው ክፍል አልሞተም። በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ደግሞም የሰውነት ፀጉር ሁሉ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ዛሬ ከቆዳ በታች የነበረው በሳምንቱ ብቅ ይላል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የፀጉር ጠባይ ነው። ፀጉርን ለዘለቄታው የሚያጠፋው በመርፌ እያንዳንዱን ሥር በኤሌክትሪክ መግደል ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ የሚታወቅ፣ ትዕግሥትና ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሌዘር እንኳን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። ሻጮቹ ማስፈራሪያም አላቸው፤ «ምላጭ ፀጉር ያወፍራል» ይላሉ። ሚልድረድ ትሮተር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ፈትሻ አያወፍርም ብላለች። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሬው ግን አልሞተም።

«ለሁሉም ዓይነት ቆዳ»። ይሄኛው ነው በጣም ያናደደን። የእኛ የብዙዎቻችን ፀጉር ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፀጉር ሲነቀል ወይም መሀሉ ላይ ሲበጠስ፣ አዲሱ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ ታጥፎ ወደ ቆዳው ይገባል። ቆዳ ባዕድ ነገር የገባበት መስሎት ያብጣል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይመግላል። ጠይም ቆዳ ደግሞ በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ጠባሳዋ ገኖ የሚያብጥባት፣ ሐኪሞች «ኬሎይድ» የሚሉት ያለባት ሴትማ ማሽኑን ከመንካቷ በፊት ሐኪም ብታማክር ይሻላታል። በማስታወቂያው ላይ ያለችው እግረ ለስላሳ ሴት ይህ ሁሉ አያሳስባትም፤ ማስታወቂያው የተሠራው ለእሷ ቆዳ ነው። ከዚያው ሱቅ «በብርሃን የሚያጠፋ» ተብሎ የሚሸጠው የቤት ማሽን ደግሞ ይባስ፤ አምራቾቹ ራሳቸው በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ እንዳይውል በመመሪያቸው ላይ ይከለክላሉ። መመሪያውን ግን የሚያነብላት የለም።

ተሳድበን ብቻ እንዳንሄድ፣ የሚረባውንም እንበል። ፀጉሩ አጭር ይሁን፤ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ረዝሞ ከሆነ በመቀስ ይከርከም። ለብ ባለ ውኃ ከታጠቡ በኋላ፣ ቆዳን ወጠር አድርጎ፣ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የፈጠነች ሴት ፀጉሩን ትበጥሰዋለች እንጂ አትነቅለውም። ማታ ይሁን፤ ቅላቱ እስኪነጋ ይበርዳል። ቁስል፣ ማርያም የሳመችው፣ ያበጠ ደም ሥር ላይ አይነካም። የስኳር ሕመም ያለባት ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሐኪሟን ትጠይቅ። ጭንቅላቱ በየጊዜው በአልኮል ይጸዳ፤ እህት ለእህት፣ ጓደኛ ለጓደኛ መዋዋስ ይቅር። ሲነቀል በዓይን የማይታይ ደም ይወጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ጓደኝነት አያውቅም። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ፤ 110 ቮልት ብቻ ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። በገመድ ብቻ የሚሠራውን የገዛችም መብራት ሲሄድ አንድ እግሯ ተነቅሎ አንዱ እንደሚቀር ትወቅ። (የመብራት ነገር መቼም…)

አሁን ወደማይቀለድበት እንምጣ። አገጭና የላይኛው ከንፈር ላይ፣ ደረት ላይ፣ ከእምብርት በታች ወፍራም ጥቁር ፀጉር በድንገት የሚበዛባት ሴት አለች። የወር አበባዋም ይዛባል። ምን ታደርጋለች? ማሽን ትገዛለች። በየጠዋቱ በር ዘግታ ትነቅላለች፣ ለማንም አትናገርም። ይህ የውበት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባል የሆርሞን መዛባት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገምታል፤ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት እንዳለባቸው እንኳን አያውቁም ይላል። ልጅ ለመውለድ ያስቸግራል፣ ለስኳር ሕመም ያጋልጣል። በጊዜ ከታወቀ ግን መያዝ የሚችል ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶች ዝም ብለው አይደለም። ግን ማን አስደበቃት? «ጺም አወጣሽ እንዴ?» ብሎ የሳቀው ነው። «ለአገጭም ይሆናል» ብሎ ማሽን የሸጠላት ነው። እኛም፣ እያየን እንዳላየን የምናልፈው ሁላችን ነን።

ስለዚህ ሻጮች ሆይ፣ ሽጡ፤ እንጀራችሁን ማንም አይቀማችሁም። ግን «ያማል፣ ይመለሳል፣ ጥቅልል ፀጉር ካለሽ ተጠንቀቂ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። የምታጡት ሦስት ቃለ አጋኖ ነው። ቀልደኞች ሆይ፣ ከሰው እግር ላይ ዓይናችሁን አንሡ። አንቺ ደግሞ እህታችን፣ ባትሽን እንደወደድሽ አድርጊው፤ የአገጭሽን ነገር ግን ከማሽን ሻጩ በፊት ለሐኪም አሳዪው።