የአቡሴራው ባቡር የደቡቡንም መንገደኛ ይጫን

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። በዕቅዱ መሠረት የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2022 ዓ.ም. ሲያልቅ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል፤ ሁሉም ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን ይደርሳል። እኔን የያዘኝ ግን ኤርፖርቱን ከቦሌ ያገናኛል የተባለው ፈጣን ባቡር ነው። ባቡሩ ያስፈልጋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ሀዲዱ ወደ አዲስ አበባ ብቻ የሚያይ ከሆነ ግን ደቡቡን ያርቀዋል።

ይህን የምለው እንሴኖን ይዤ ነው። እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የበርበሬው አገር የማረቆ ጎረቤት ናት። በዚህ አካባቢ ልጃቸውን ዓረብ አገር ወይም ደቡብ አፍሪካ የላኩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ለዓረፋና ለመስቀል የሚመለሰው፣ በዓሉ ሲያልፍ ተመልሶ የሚሄደው ሰው ሁሉ ቦሌን መርገጥ አለበት።

የበረራው ቀን የደረሰ ሰው ዛሬ እንዴት ነው የሚሄደው? በረራው ሌሊት ቢሆንም ማለዳ ይነሣል። ቡታጅራ መናኸሪያ ገብቶ በጢያና በዓለም ገና አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል የገባባትን ከተማ ደግሞ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ አቋርጦ ምሥራቅ ጫፍ ይወጣል። ዘመድ ያለው እዚያ ያርፋል፤ የሌለው ለአልጋ ይከፍላል። ሸኚ ቤተሰብ አብሮ ከመጣ ወጪው እጥፍ ነው።

አቡሴራ ሲከፈት ይህ ጉዞ አቅጣጫው ይቀየራል። ከእንሴኖ በቆሼ ባቱ፣ ከባቱ በመቂና በሞጆ ቢሾፍቱ ይገባል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድም ተከፍቷል። ለእኛ፣ ለሀላባ፣ ለሻሸመኔና ለሀዋሳ መንገደኛ አዲስ አበባ መግባት የግድ አይሆንም። ኤርፖርቱ ወደ እኛ ተጠግቷል ማለት ነው። በዚህ በኩል የሚመጣውን ሰው የሚቀበል ጣቢያ ካልተሠራ ግን መጠጋቱ ምን ይጠቅመናል? ባቡሩን ለመሳፈር ቦሌ ሂዱ ልንባል ነው?

አገራችን ሀዲድ መዘርጋት አላቃታትም፤ ያቃታት ሀዲዶቿን ማገናኘት ነው። የጅቡቲው አሮጌ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር መንገደኛውን የሚያወርደው ለቡ፣ ከተማው ዳር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 39 ጣቢያዎች ይዞ ለቡ አይደርስም፤ ቦሌ ኤርፖርትም አይደርስም። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣች እናት ለቡ ወርዳ ታክሲ ትጋፋለች። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ባቡር ሠርተን እርስ በርስ ሳናገናኛቸው ቀርተናል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ዕዳውም አለ።

ሦስተኛውን እንዲህ አንሥራው። የጅቡቲው ሀዲድ እኮ ቢሾፍቱንና ሞጆን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የኤርፖርቱ ባቡር ከዚህ ሀዲድ ጋር ቢገናኝ ከአዳማና ከድሬዳዋ የሚመጣው ሰው በቀጥታ ኤርፖርት ይገባል። ከባቱ በኩል ለሚመጣው ደግሞ ጣቢያው አጠገብ ሚኒባስና አውቶቡስ የሚገቡበት መናኸሪያ ይሠራለት። በአዲስ አበባ በኩልም ቦሌ ላይ የሚያልቅ ሀዲድ መሀል ከተማ ገባ አይባልም፤ ከቀላል ባቡሩ ጋር መገናኘት አለበት።

ዘግይቶ የሚመጣ ባቡር ምን እንደሚያስከትል ሴኔጋል አሳይታለች። ዳካር አዲሱን ኤርፖርቷን ከከተማ አርቃ ሠርታ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከፈተች። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም የደረሰው እስከ ኤርፖርቱ ሳይሆን እስከ ዲያምኒያዲዮ ከተማ ብቻ ነበር። መንገደኛው ለዓመታት በመኪና ተመላለሰ። ጆሃንስበርግ ግን ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ኤርፖርቷን ከሳንድተን ሰፈር የሚያገናኘውን ጋውትሬን የተባለ ባቡር አድርሳለች።

የትኬቱም ዋጋ ከወዲሁ ይታሰብበት። ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት የምትሄደው የእንሴኖ ልጅ፣ ኤርፖርቱን የምታጸዳው ሠራተኛ፣ መሬቱን ለግንባታው የለቀቀው የአቡሴራ ገበሬ የማይሳፈሩበት ባቡር የአገር ባቡር አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ስለ ሀዲዱና ስለ ጣቢያዎቹ አብረው ይምከሩ፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም ሕዝቡ በየት በኩል ኤርፖርቱ እንደሚደርስ ከአሁኑ ይጠይቅ። በእንሴኖ፣ በቆሼ፣ በሀላባ ያላችሁ አንባቢዎችም ጥያቄውን ለተወካዮቻችሁ አቅርቡ፤ ጣቢያው ከተሠራ በኋላ ቦታውን ማዛወር አይቻልም።