አቦሉ በቴሌቪዥን፣ በረካው በጆሮ

ከጣርማበር ወርደን ቆላ የምንኖር የሸዋ ሮቢት ሰዎች ሙቀቱን ችለን ደህና ነን። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ክኒንና መርፌ አይደለም። የስልክን ምስል በስማርት ቴሌቪዥን ላይ ስለማየት ነው። «ጡረታ የወጣች ነርስን ይህ ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ የአያቶችን ዓይን፣ የሕፃናትን አስተዳደግና በሩቅ ያሉ ልጆቻችንን ገመና ስለሚነካ ነው።

በከተማችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስማርት ቴሌቪዥን የገባበት ቤት በዝቷል። አንዳንዱ ማሾና ሽንኩርት ተሸጦ የተገዛ ነው፤ አንዳንዱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ በላከችው ገንዘብ። ብዙ አያቶች ግን ዲሽ ብቻ ያዩበታል። በስልካቸው የሚያዩት ነገር ሁሉ በዚያ ሰፊ ስክሪን ላይ ሊወጣ እንደሚችል የሚያውቁት የልጅ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ነው። ስለዚህ አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ።

የመጀመሪያው መንገድ ስልኩ ላይ የሚታየውን ሁሉ እንዳለ ወደ ቴሌቪዥኑ ማሳለፍ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሚራካስት በሚባል ዘዴ ነው፤ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ሞገድ በቀጥታ ይገናኛሉ። በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» የሚለውን ተጭናችሁ «ስክሪን ሚረሪንግ» የሚለውን ክፈቱ። ከዚያ ስልኩን ከላይ ወደ ታች ስትስቡት ከሚመጡት ምልክቶች መካከል ሳምሰንግ ከሆነ «ስማርት ቪው»፣ በሌሎች ስልኮች ደግሞ «ካስት» ወይም ይህን የመሰለ ስም ያለውን ንኩ። የቴሌቪዥናችሁ ስም ሲመጣ እሱን ምረጡ። አይፎን ግን ኤርፕሌይ የሚባል የራሱ ዘዴ ስላለው ቴሌቪዥኑም ኤርፕሌይን የሚቀበል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ከወጡት የሳምሰንግና የኤልጂ ስማርት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ቪዲዮውን ብቻ መላክ ነው። ዩቲዩብ ስትከፍቱ ከላይ በኩል ትንሽ የቴሌቪዥን ሥዕል ትታያለች። እሷን ስትነኩ ቴሌቪዥኑ ቪዲዮውን ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ስልካችሁም እንደ ሪሞት ያገለግላል። ለዚህ ቴሌቪዥኑና ስልኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ በዚህኛው መንገድ ወደ ስልካችሁ የሚመጣ መልእክት ቴሌቪዥኑ ላይ አይወጣም። በመጀመሪያው መንገድ ግን ሁሉም ይወጣል።

ሦስተኛው ገመድ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመድ ከነማገናኛው ገበያ ላይ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ስልክ በገመድ ምስል አያወጣም፤ በተለይ ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ብዙዎቹ አይችሉም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከስልካችሁ ጋር አገናኝቶ ያሳያችሁ።

«ዳታ ይጨርስብኛል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በመጀመሪያው መንገድ ማገናኘቱ በራሱ ዳታ አይበላም። ዳታ የሚበላው ከኢንተርኔት የምታመጡት ቪዲዮ ወይም የቪዲዮ ጥሪው ነው፤ እሱም በስልክ ብታዩት የሚበላውን ያህል ነው። ስልኩ ላይ የተቀመጠ የሠርግ ወይም የምርቃት ቪዲዮ ከሆነ ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልገውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የልጅን ፊት ለማየት ያለው ብቸኛ መንገድ አስቀድሞ ስልክ ላይ የተቀመጠው ቪዲዮ ነውና፣ ልጆቻችሁ የሚልኩላችሁን አታጥፉት።

ስለ ቆላው ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ስልክ ምስል ሲያሳልፍ ይግላል፤ ቻርጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የአይፎን አምራች ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እንድንጠቀም ይመክራል፤ በግንቦትና በሰኔ የእኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚደርስ የሮቢት ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት፣ ሽፋኑን አውልቁለት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የቅርቡን የማየት አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። አያቶች ስልኩን ክንዳቸው እስከሚደርስ ድረስ አርቀው የሚይዙት ለዚህ ነው። ሲያርቁት ደግሞ ምስሉ ያንስባቸዋል። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በተቀመጠ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ግን የልጅ ልጃቸውን ጥርስ መውጣቱን ሳይቀር ያያሉ። ነገር ግን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት በዚያ ሰፊ ምስል ላይም የልጃቸውን ፊት መለየት ካቃታቸው፣ ወይም «ጭጋግ ለበሰብኝ» ካሉ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። በአገራችን የዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው።

ሕፃናትን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው። ስልኩ ወደ ቴሌቪዥን ስለተዛወረ ሰዓቱ አይረዝምም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ደግሞ ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪንን ከልክሎ አንድ ነገር ብቻ ለይቶ ፈቅዷል፤ በቪዲዮ ከሰው ጋር መነጋገርን። አክስቱን የሚያይ፣ ስትጠራው የሚስቅ ሕፃን መልስ ከሚሰጠው ሰው ጋር ነው ያለው። ሥዕል ላይ ብቻ ከሚያፈጥ ሕፃን ይለያል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ወደየከተማው ሲደርስ በሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ከገባ የሰፈሩ ሁሉ ነበር። ዛሬም ቴሌቪዥን ሲከፈት ጎረቤት «ግባ» ሳይባል ይገባል፤ ደግሞም ደስ ይላል። ስልክ ግን ከመጀመሪያው የአንድ ሰው ጆሮ ነው። ሁለቱን ስናገናኝ ለአንድ ጆሮ የታሰበውን ለሰፈር እናወጣዋለን። ድሮ ውጭ አገር ያለ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ ሲልክ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ እንደሚሰማው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቃሉን መርጦ፣ የሁሉንም ስም ጠርቶ፣ ሰላምታውን አዳርሶ ይቀዳ ነበር። የዛሬዋ ልጅ ስትደውል ግን ከማን ጋር እንደምታወራ የምታውቀው የምታየውን ፊት ብቻ ነው።

በአካባቢያችን ያለች የአንዲት እናት ልጅ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በኢድ አልፈጥር ዕለት ስትደውል ታናሽ ወንድሟ እናቱን ለማስደሰት ብሎ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ስልኩ ከእናትየው ፊት ስለቆመ ልጅቷ የምታየው እናቷን ብቻ ነው። ሰላምታው እንዳለቀ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ የሦስት ወር ደሞዜን ከልክለውኛል። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይታመምብኛል» አለች። አባትየው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው እያዩ ነበር። ከጎናቸው ደግሞ ለመንገዷ ገንዘብ ያበደሩት ሰው ነበሩ። ቤቱ ጭጭ አለ። እናትየው ደንግጣ ስልኩን በእጇ ሸፈነችው፤ የልጅቷ ፊትና ድምፅ ግን ከቴሌቪዥኑ መውጣቱን ቀጠለ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷን ማሳየት አቆመች። አንድ ወር ያህል በድምፅ ብቻ፣ ያውም ለአፍታ፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ትዘጋ ነበር። እናትየው ቤቴ መጥታ፣ «ሲስተር፣ ልጄ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ የምትነግረኝ ጠፋ፤ ብትታመምስ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳት። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ከመድኃኒቱ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገን መጋረጃ ነበር። ወጣት ሴት ከዘመዶቿ ጋር መጥታ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ስትባል «ራሴን» ትላለች። ዘመዶቿን በትሕትና አስወጥተን፣ መጋረጃውን ስበን እንደገና ስንጠይቃት ነው እውነተኛው ሕመም የሚወጣው። ሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ የእናቷ ጆሮ ጤና ጣቢያዋ ነው። መጋረጃው ከተቀደደ «ራሴን» ብላ ትመለሳለች።

እናትየው የዚያኑ ዕለት ማታ ጓዳ ገብታ በድምፅ ብቻ ደወለችላት። ቤት ውስጥ ማን ማን እንደነበረ አንድ በአንድ ነገረቻት። «ከእንግዲህ ከአጠገቤ ማን እንዳለ ሳልነግርሽ ወሬ አንጀምርም፤ ሳትፈቅጂም ቴሌቪዥን ላይ አትወጪም» አለቻት። ልጅቷ ወዲያው አላመነችም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደዋወሉ በኋላ ነው የሆዷን መናገር የጀመረችው። የደሞዟ ነገር ገና አልተቋጨም። እናትየው ግን አሁን የልጇን ነገር ከልጇ አፍ ትሰማለች።

ከሳዑዲም ይሁን ከአሜሪካ ለሚደውል ልጅ የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። ጥሪውን መጀመሪያ በስልኩ ብቻ አንሡ። «ቤት ውስጥ እገሌና እገሌ አሉ፤ ቴሌቪዥን ላይ ላውጣሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይቅር» ካለች ይቅር። «እሺ» ካለች ስልኩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ፊቱን ወደ ሰው አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ካሜራው የስልኩ ስለሆነ እንዲህ ካልሆነ እናንተ ቴሌቪዥኑን ስታዩ እሷ የምታየው ጆሯችሁን ነው። እንግዳው ሁሉ እንዲታያት አድርጉ። ሰላምታው ሲያበቃ ማገናኛውን አጥፉ፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ቦታው መመለሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ጓዳ ግቡና ለብቻችሁ አውሩ። ቡና አፍልታችሁ ከሆነ አቦሉን በቴሌቪዥን ከሰው ጋር፣ በረካውን በጆሮ ለብቻ በሉት።

የራሳችሁንም ገመና ጠብቁ። የባንክና የቴሌብር መልእክት፣ የማረጋገጫ ቁጥር፣ የልጃችሁ ምስጢራዊ ጽሑፍ ሁሉ በመሃል ብቅ ሊል ይችላል። ከማገናኘታችሁ በፊት ስልኩን መልእክት እንዳያሳይ «ዱ ኖት ዲስተርብ» በሚለው ላይ አድርጉት፤ የምስጢር ቁጥርም በዚያ ሰዓት አትጻፉ። ቴሌቪዥናችሁ የማታውቁት ስልክ ሊገናኝ ፈልጓል ብሎ ከጠየቃችሁ አትፍቀዱ፤ ግድግዳ የሚጋራችሁ ጎረቤት በስሕተት የእናንተን ቴሌቪዥን መርጦ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመማር የልጅ ልጅ መጠበቅ አያሻም፤ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሲኖር ሞክሩት። ስልኩን ማገናኘት ከቻላችሁ ማቋረጡንም ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ልጃችሁ ከመደወሏ በፊት ጣታችሁ ቦታውን ይወቀው።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ።